«ጋሼ ያውቁታል»

ሰላም ወዳጆቼ። ዛሬ ድምፄ ከነነፋሱ ነው የሚመጣላችሁ። ጣና ዳር ነኝ፣ የለመድናት ቦታ። ስለ ባጃጇ ለምትጠይቁኝ፣ ገና ጋራዥ ናት። እሷን ሌላ ጊዜ።

የቅዳሜው የዲግሪ ትምህርት ክፍለ ጊዜ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኛል። ዲግሪው ለምን እንዳስፈለገኝ ታውቃላችሁ፣ አልደግመውም። አሥራ አራት ዓመት ኔትወርክ ስዘረጋ ኖሬ፣ ለኃላፊነት ስወዳደር ያችን ወረቀት ጠየቁኝ። በቃ።

መምህሩ ሰሌዳው ላይ ስድስት ራውተር ሣለ። ርዕሱ ኦኤስፒኤፍ ነው፤ ራውተሮች ፓኬቱን፣ ማለትም የሚላከውን ቁራጭ መረጃ፣ በየትኛው መንገድ እንደሚያሳልፉ የሚወስኑበት ሥርዓት። ኦኤስፒኤፍ! እኔ እኮ ሌሊት በስልክ ተቀስቅሼ፣ እንቅልፌ ሳይለቀኝ አስተካክዬው አውቃለሁ። «ፓኬቱ ለምን በዚህኛው መንገድ ሄደ?» አለ። እጄን አወጣሁ። «የኮስቱ ድምር ስለሚያንስ» አልኩ፤ ኮስት ለእያንዳንዱ መስመር የሚሰጠው የዋጋ ቁጥር ነው። «ጎበ...» ብሎ ዋጠው። እኔን ጎበዝ ማለት ከበደው። ከዚያ፣ «ታዲያ ያንን መንገድ እንዴት አገኘው? ያሉትን መንገዶች ሁሉ አንድ በአንድ ይሞክራል?»

ዝም አልኩ።

ትእዛዙን አውቀዋለሁ። ውስጡ ምን እንደሚሠራ ግን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። ምን ያህል ዝም እንዳልኩ እንጃ። የማርከሩን ክዳን ሲከፍትና ሲዘጋ ይሰማኝ ነበር። ከኋላዬ አንዷ ልጅ ቀስ ብላ ደብተሯን ገለጠች። ከዚያ እሱ፣ «ጋሼ ያውቁታል፤ ሰዓት ስላጠረን እኔው ልቀጥል» ብሎ ወደ ሰሌዳው ዞረ።

ሰዓት አላጠረንም። ገና ሃምሳ ደቂቃ ነበረን።

ይሄ መምህሬ የሆነው ልጅ ለኢንተርንሺፕ እኛ ቢሮ መጥቶ ነበር። ኬብል ማሰር፣ የውስጡን ሽቦዎች በቀለማቸው ተራ መደርደር፣ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡኒ፣ ቡኒ። እንደ ዳዊት በቃሉ አስደገምኩት። ሲሳሳት ቆርጬ ጥዬ «እንደገና» እለው ነበር። አንድም ቀን «ያውቀዋል» ብዬ አላለፍኩትም።

ማታ ቤት ገብቼ አነበብኩት። ኦኤስፒኤፍ መንገዱን የሚያገኝበትን ዘዴ ያሰበው ሰውየው ደች ነው፣ ኤድስገር ዳይክስትራ። በፈረንጆች 1956 አምስተርዳም ውስጥ ከእጮኛው ጋር ገበያ ወጥተው ደክሟቸው፣ ቡና ሊጠጡ ተቀምጠው ሃያ ደቂቃ ውስጥ አሰበው። ያለ እስክሪብቶ፣ ያለ ወረቀት! ያሳተመው በ1959 ነው። ሐሳቡ ደግሞ እንዴት እንደሚያምር። እዚህ ባሕር ዳር ከጊዮርጊስ ወደ ፔዳ ሰፈር መሄድ ፈለግህ እንበል። መንገዱን ሁሉ አትሞክርም። ከተነሳህበት በጣም ቅርብ የሆነውን መገናኛ ትይዛለህ። እዚያ ሆነህ የጎረቤቶቹን ርቀት ታያለህ፣ ያጠረ ካገኘህ ታርማለህ። ቀጥሎ ካልተያዙት ውስጥ ቅርቡን። አንዴ የያዝከውን ተመልሰህ አትነካውም። እንዲህ እያልክ ትደርሳለህ።

አዲሱ የዓባይ ድልድይ ግንቦት 2016 ሲመረቅ ሰው ሁሉ በእግሩ ሊሻገረው ይሄድ ነበር፣ ታስታውሳላችሁ? 380 ሜትር። ራውተርም እንደዚያ ነው፤ አዲስ መስመር ሲገባ ወሬው ለሁሉም ይዳረሳል፣ እያንዳንዱም መንገዱን እንደገና ያሰላል። ይህን ስረዳ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ሆኗል፣ ብቻዬን ወጥ ቤት ቆሜ ደስ ብሎኛል። ልጅ ሳለሁ ሬዲዮ ፈትቼ መልሼ ስገጥም እንደሚሰማኝ ዓይነት ደስታ።

ከዚያ እንደገና «ጋሼ ያውቁታል» ትዝ አለኝ።

ጨዋነት ነው፣ አውቃለሁ። እናቱ ብትሰማ ትኮራበታለች። እኔም የራሴ ልጅ ቢሆን... እንጃ። ግን እኔ እዚያ የምቀመጠው አለማወቄ እንዲነገረኝ ነው። ለዚያ ነው የምከፍለው። እሱ ካከበረኝ ማን ያስተምረኛል? ደግሞ ሃያ ልጆች ፊት «አያውቁትም» ቢለኝስ፣ ዛሬ እዚህ ተቀምጬ ምን እያልኩ ነበር? ላይችሉት የሚጠይቁት ነገር ይሆናል፣ ይሄ የኔው።

ትናንት መልእክት ልጽፍለት ጀመርኩ። «አላውቀውም ነበር፣ ሌላ ጊዜ አትለፈኝ» ልለው። «ሰላም ልጄ» ብዬ ጀመርኩ፣ አጠፋሁት። «ሰላም መምህር» አልኩ። እሱንም አጠፋሁት። «አትለፈኝ» ነው «አይለፉኝ»? እዚያው ላይ ቆምኩ።

ታንኳዎቹ እየተመለሱ ነው። ነፋሱም በረታ፣ ምናልባት አትሰሙኝም። ቅዳሜ ፈተና አለ። ከፈተናው በኋላ ምናልባት፣ ሰው ሳይኖር...