በየካቲት ወደ ባሕሩ መውረድ፦ በእስራኤል በነታንያ ከተማ በቤተ እስራኤል የማኅበረሰብ ምሽት ላይ የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ ቄሶችና ሽማግሌዎች፣ እናቶቻችንና አባቶቻችን፣ ወጣቶች፤ እንደምን አመሻችሁ።

ለዚህ ምሽት ስለጋበዛችሁኝ አመሰግናለሁ። የመጣሁበትን ጉዳይ ሳላዞር ልናገር፤ እኛ ወደ ባሕሩ የምንወርደው ያለ ወቅቱ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ሲገባ፣ ሣሩ ደርቆ አሸዋው እግር በሚያቃጥልበት ጊዜ፣ ሥጋና ከሰል ጭነን፣ ጥላ ያለበትን ቦታ ከሌላው ሰው ጋር እየተሻማን እንሄዳለን። ባሕር ዳሩ በአበባ ተሸፍኖ፣ ወፉ እየተንጫጫ፣ መንገዱ ጭር በሚልበት በየካቲትና በመጋቢት ግን «ብርድ ነው» ብለን ቤታችን እንቀመጣለን። ጥብሱን እየነቀፍሁ አይደለም፤ እኔም ስጋበዝ አልቀርም። የምለው፣ የዚህ አገር ጸደይ አጭር ስለ ሆነ አንዴ ካለፈ ዓመት ያስጠብቃል ነው።

በጎንደርና በትግራይ ገጠር ያደጋችሁ ታላላቆቻችን፣ ክረምቱ ዘንቦ ሲያባራና መስከረም ሲጠባ ምድሩ በአደይ አበባ እንዴት እንደሚሸፈን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። እዚህ ዝናቡ የሚወርደው ከጥቅምት ወዲያ ጀምሮ እስከ መጋቢት ገደማ በመሆኑ፣ በዚያ በመስከረም የምታዩት ነገር እዚህ የሚመጣው በየካቲት ነው። በመጋቢት በየመንገዱ ዳርና በየባዶው ቦታ የሚፈነዳው ቢጫ አበባም ከአደይ ጋር በአንድ የዕፅዋት ቤተሰብ ውስጥ የሚቆጠር ስለ ሆነ፣ ልባችሁ አገር ቤትን ቢያስታውስ ዓይናችሁ አልተሳሳተም። ደመናውን አይቶ መሬቱ መቼ እንደሚያብብ መናገር የለመደ ሰው ለዚህ ባሕር ዳር እንግዳ አይደለም።

አሁን በከተማችን ደቡባዊ ጫፍ፣ ከአዳዲሶቹ ፎቆች አጠገብ ወዳለው የአይሪስ ጥብቅ ሥፍራ ልውሰዳችሁ። በዚያ የሚበቅለው ኢሩስ ሃአርጋማን የሚባለው የአይሪስ ዓይነት አበባ ሐምራዊነቱ ከመጥለቁ የተነሣ ከሩቅ ሲታይ ጥቁር ይመስላል። በተፈጥሮ የሚገኘው በዚህ አገር የባሕር ጠረፍ ሜዳ ላይ ብቻ ነው፤ ከተሞቻችንና መንገዶቻችን የተሠሩትም በዚያው ጠባብ መሬት ላይ በመሆኑ፣ ለመጥፋት ከተቃረቡት ዕፅዋት ውስጥ ይቆጠራል። አብዛኛውን ጊዜ ከፑሪም በዓል በፊት፣ በየካቲት ውስጥ ያብባል።

ይህ አበባ የሚኖርበት ዘዴ ብቻውን ወደዚያ መሄድን የሚያስመኝ ነው። ንብ የሚቀስመው ወለላ የለውም። ታዲያ ንቦቹ ለምን ይመጣሉ ቢባል፣ ለማደር ነው። ረጃጅም አንቴና ያላቸው የዱር ንቦች ሴቶቹ መሬት ውስጥ ጎጆ ሲቆፍሩ ወንዶቹ ጎጆ የላቸውም፤ ስለዚህ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ማደሪያ ፍለጋ ከአበባ ወደ አበባ ይዘዋወራሉ። እያንዳንዱ አበባ ሦስት ዋሻ መሰል መግቢያዎች ስላሉት ንቡ ከአንዱ ገብቶ ይተኛል፤ ማደሪያውን ሲመርጥም ከአንዱ አበባ የያዘውን ዱቄት በሌላው ላይ ያራግፋል። ጠዋት ደግሞ የአበባው ጥቁረት የፀሐይዋን ሙቀት ቶሎ ስለሚስብ፣ ውስጡ ያደረው ንብ በውጭ ካለው ቀድሞ ይሞቀዋል። ለአንድ ሌሊት ማደሪያ የሚከፈል ኪራይ ነው ብላችሁ ብታስቡት ብዙም አልራቃችሁም።

በዚያው ሜዳ ላይ ቀዩን አበባ ሁሉ አንድ አድርጎ ማየት የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ተራ ጠብቀው የሚመጡ የተለያዩ አበቦች ናቸው። በመጀመሪያ፣ በዛፎች በዓል በቱ ቢሽቫት ሰሞን፣ ካላኒት ትመጣለች፤ ከአበባዋ ሥር የተሰነጣጠቀ ቅጠል እንደ አንገትጌ ከቧት ታያላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2013 የእስራኤል ብሔራዊ አበባ ተብላ የተመረጠችው እርሷ ናት። ቀጥሎ ቱሊፑና ኑሪት ይከተላሉ፤ ኑሪትን ከካላኒት የሚለየው ከአበባው ቅጠሎች ሥር ያለው አረንጓዴ ሽፋን ነው። ወደ ፋሲካ ሲቃረብ አራት የአበባ ቅጠል ያለው ፔሬግ ይመጣል። እነዚህ ቀያይ አበቦች በንብ ብቻ ሳይሆን በጥንዚዛ ጭምር ስለሚዳብሩ፣ ጎንበስ ብላችሁ ስታዩ በውስጣቸው ጥንዚዛ ብታገኙ አትደነቁ።

እንስሳቱም በዚሁ ጊዜ ይወጣሉ። ኤሊ በሣሩ ውስጥ ስትግጥ፣ እስስት በቁጥቋጦ ላይ ሲያዘግም፣ የፍልፈል አፈር በየቦታው ተቆልሎ ይታያል። ባለ ጉትዬው ጅንጁላቴ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ብሔራዊ ወፍ ተብሎ የተመረጠው፣ መሬቱን በረጅም አፉ ሲወጋ ማየት ቀላል ነው። በዚህ አገር ሰማይ በየዓመቱ ወደ 500 ሚሊዮን የሚገመቱ ወፎች ያልፋሉ። ሽመላዎቹ በጸደይ ከአፍሪካ ሲመለሱ ክንፋቸውን ዘርግተው የሚንሳፈፉት ከመሬት በሚነሣው ሞቃት አየር ላይ ስለ ሆነ፣ ባሕሩን ሸሽተው በየብሱ በኩል ይመጣሉ። ነቢዩ ኤርምያስ ሽመላ ጊዜዋን እንደምታውቅ መናገሩን ቄሶቻችን ያስታውሱናል።

ከከተማችን በስተሰሜን ባለው በአሌክሳንደር ወንዝ ደግሞ፣ በዓባይም የሚኖረው ቅርፊቱ ለስላሳ የሆነ ትልቅ ኤሊ አለ፤ ከአንዳንዶቹ ጋር ብትለካኩ ርዝመታቸው ከአንድ ሜትር ያልፋል። ስለ ባሕር ኤሊዎች ግን አሁን አልናገርም፤ እንቁላላቸውን አሸዋው ላይ የሚጥሉት በሞቃቱ ወራት ስለ ሆነ የሌላ ቀን ወሬ ነው።

ወጣቶች፣ አንድ ነገር እናንተን ይመለከታል። በዚህ አገር የዱር አበባ በየመንገዱ ተቀጥፎ በእቅፍ የሚሸጥበት ዘመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1953 የተመሠረተው የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር፣ ከጥብቅ ሥፍራዎች ባለሥልጣን ጋር ሆኖ፣ በ1960ዎቹ ውስጥ በትምህርት ቤትና በግድግዳ ላይ በተለጠፉ ሥዕሎች ሰውን ስላስተማረ፣ ሕጉም ስለ ደገፈው፣ ያ ልማድ በአንድ ትውልድ ውስጥ ቀረ። እኛ ዛሬ የምናየው አበባ የዚያ ሥራ ውጤት ነው። ስልካችሁን ይዛችሁ ስትሄዱ ለፎቶ ብላችሁ ከመንገዱ አትውጡ፤ የአይሪሱ ሥር ከመሬት ብዙም ስለማይርቅ መረገጥ ይጎዳዋል። ከገደሉ ሥርም አትቀመጡ፤ ኩርካር የሚባለው ድንጋይ የጥንት አሸዋ ተጋግሮ የሆነ ስለ ሆነ፣ በተለይ ከዝናብ በኋላ ይናዳል።

ወደ አይሪሱ ጥብቅ ሥፍራ የምናደርገው ጉዞ በመጪው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። ብዙዎቻችሁ ለምን ዓርብ እንዳልሆነ ጠይቃችሁኛል፤ ንቦቹ ወደ አበባው የሚገቡት ፀሐይ ስትጠልቅ ስለ ሆነ፣ ዓርብ ብናደርገው ሰንበት ይገባብናል። ነፋሱ ብርድ አለውና ነጠላና ጃኬት ያዙ፤ ለመራመድ ለሚከብዳቸው ታላላቆቻችንም የሚታጠፍ ወንበር ይዘናል። አመሰግናለሁ።