ሸለቆውን የሚያይ ራዳር

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ሼሆቻችንና ቀሳውስቶቻችን፣ ከቆቦና ከግራና ድረስ የመጣችሁ ገበሬዎች፣ ተማሪዎች፤ ደሴ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ልጅ ሳለሁ አንድ ቀን ከአጎቴ ጋር ፍየል ልናጠጣ ወንዝ ወረድን። ቆላው ላይ ፀሐይ ታቃጥላለች፣ ውሃው ከቁርጭምጭሚት አያልፍም። ጥቁር ደመና የነበረው ከወደ ደጋው፣ ከተራራው አናት ላይ ብቻ ነው። አጎቴ ድንገት ቀና ብሎ አዳመጠ፤ ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ ይሰማል። ክንዴን ይዞ ዳገቱን አስወጣኝ። ዘወር ስንል ግንድ የተሸከመ ቡናማ ውሃ ቆመንበት የነበረውን ቦታ ሞልቶታል። ከሰባቱ ፍየሎች አራቱን ወሰደ። ደራሽ ማለት ይኸው ነው። ያን ዕለት በመንደራችን የዝናብ መለኪያ ቢኖር ኖሮ ዜሮ ነበር የሚያነበው፤ ዝናቡ የወረደው ሌላ ቦታ ነዋ!

ራዳር የሚያስፈልገን ለዚህ ነው። የሬዲዮ ሞገድ ይልካል፤ ሞገዱ የዝናብ ጠብታ መትቶ ይመለሳል። የፈጀው ጊዜ ርቀቱን፣ የተመለሰው ጉልበት የዝናቡን ብርታት ይናገራል። የዶፕለር ራዳር ደግሞ ጠብታዎቹ ይቅረቡ ይራቁ ለይቶ የነፋሱን ፍጥነት ያሳያል። አዳዲሶቹ ሞገዱን አግድምም ቁምም ስለሚልኩ የጠብታውን ቅርጽ አይተው ዝናብን ከበረዶ ይለያሉ። በ2013 መኸር ማሽላችን ላይ የወረደውን የአንበጣ መንጋ ታስታውሳላችሁ፤ ራዳር እንዲህ ያለውንም መንጋ ማየት ይችላል።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ልናገር። ራዳር የሚያየው የሰዓታትን ጉዳይ ነው፤ በልግ ይቀር እንደሆነ አይነግረንም። በ1965ና በ1977 ያለቀውን ወገናችንን እያሰበ «ያኔ ራዳር ቢኖር» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ሐዘኑ ይገባኛል። የወቅት ትንበያ ግን የሚሠራው እንደ ፓሲፊክና ሕንድ ያሉ ውቅያኖሶችን ሙቀት በመከታተል ነው፤ ሁለቱን አናደባልቅ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ። የአገሪቱን የራዳር መረብ ስለማዘመን ሲወራ ቶሎ የሚነሣው ብዛቱ ነው። ወሎ ላይ ግን ከብዛቱ በፊት የሚጠየቅ ነገር አለ፤ የሚተከለው ራዳር ምን ምን ያያል? ሞገዱ ቀጥ ብሎ ሲሄድ ምድር ከሥሩ ታጎነብሳለች። በግማሽ ዲግሪ ከፍታ የተላከ ሞገድ 100 ኪሎ ሜትር ሲርቅ ከራዳሩ 1 ሺህ 500 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ያልፋል። ከሥር የሚሆነውን አያይም። ተራራ ከጋረደው ደግሞ ከጀርባው ያለው ዝናብ ስክሪኑ ላይ ባዶ ሆኖ ይቀመጣል። የምፈራው ይህን ባዶ ነው፤ ሰላም ይመስላልና። ከደሴ ኮምቦልቻ በ25 ኪሎ ሜትር መንገድ ስንት ሜትር ቁልቁል እንደምንወርድ ጉልበታችሁ ያውቀዋል። ላስታ ላይ አቡነ ዮሴፍ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ቆሟል።

ከ150 በላይ ራዳሮች ያሏት አሜሪካ እንኳ ከምዕራብ ተራሮቿ ጀርባ የማይታይ ቦታ አለባት። በዋሽንግተን ግዛት የኦሊምፒክ ተራሮች የጋረዱትን ሰማይ ለማየት እ.ኤ.አ. በ2011 ጠረፉ ላይ ተጨማሪ ራዳር ተክለዋል። እኛም ከትልቁ ራዳር ጎን ለሸለቆዎቻችን ትንንሾቹን እንጠይቅ። የሞገዱ ርዝመት 10 ሴንቲ ሜትር የሆነው ትልቁ ራዳር ከባድ ዝናብ ሰንጥቆ ያያል፤ አንቴናው ግን ግዙፍ ነው፣ ዋጋውም ከባድ። ባለ 3 ሴንቲ ሜትሩ ትንሽ ነው፤ ኃይለኛ ዝናብ ያደክመዋል፣ ቅርብ ሸለቆ ለመጠበቅ ግን ይበቃል። መለዋወጫው፣ ጄኔሬተሩና የባለሙያው ደመወዝ ከግዢው ጋር አብሮ ይታሰብ፤ ሐምሌ ላይ የቆመ ራዳር ለማንም አይረባም።

በየማለዳው ሦስት ሰዓት ላይ መለኪያውን የሚያነቡ ታዛቢዎቻችንም ይጠበቁልን። የራዳሩ ግምት ትክክል መሆኑ የሚታወቀው ከእነሱ መለኪያ ጋር ተመሳክሮ ነው።

በመውጫው በር አጠገብ የወሎ ካርታ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል፣ እርሳስም አለ። አብሽሩ፣ ካርታ ማንበብ የማይችል ሰው ካለ አብሬው እቆማለሁ። ደራሽ የሚወርድባችሁን ወንዝ፣ ደመናው የሚነሣበትን ተራራና ውሃው እናንተ ዘንድ ለመድረስ የሚፈጅበትን ጊዜ ምልክት አድርጉልኝ። የራዳሮቹ ቦታ ሲጠና ይዤው የምቀርበው ያንን ካርታ ነው።