የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ «ባልነካው እሞታለሁ ወይ?»

በዚህ ሳምንት የገቡት ጥያቄዎች በሙሉ ማለት ይቻላል ከከተማው ዳር ዳር ናቸው። አይገርመኝም። ከሥራ መልስ ከኮየ ፈጬ ተነስቶ መሀል ከተማ ለመዝናናት ታክሲ የሚሰለፍ ማን ነው? መብራት ሲጠፋ ደግሞ የካርድ ጠረጴዛው ራሱ ይሞላል፤ በሻማም ቢሆን።

ለአዲስ አድማጭ ባጭሩ ልንገር። ካርድ ስል ኮንከርም ክሬዚም አይደለም። ማጂክ፡ ዘ ጋዘሪንግ ነው። ሪቻርድ ጋርፊልድ የሚባል የሒሳብ ሰው የፈጠረው፣ እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣ ጨዋታ። እኛ ሰፈር የሚዘወተረው ኮማንደር የሚባለው ዓይነት ነው። ብዙውን ጊዜ አራት ሰው ይቀመጣል። እያንዳንዱ 100 ካርድ ይይዛል፤ ዴክ የምንለው ይሄንን ነው። ከመቶው አንዱ የዴኩ አለቃ የሆነ ገጸ ባሕርይ ነው፤ ኮማንደር የሚባለው እሱ ነው። ከመሠረታዊ ላንድ በስተቀር አንድ ካርድ አይደገምም። ላንድ ማና የሚያመጣልህ ካርድ ነው፤ ማና ደግሞ ሌላውን ካርድ ለመጣል የምትከፍለው ነው። ሕይወት ከ40 ይጀምራል። ወደ ጥያቄው።

ደዋይ ከቱሉ ዲምቱ፦ ጋሼ፣ ሁልጊዜ «ኮንትሮል» ይላሉ። ምን ማለት ነው? ለጀማሪስ የትኛው ኮማንደር ይሻላል?

ኮንትሮል ለመግደል የማይቸኩል ዴክ ነው። የሌላውን አደገኛ ካርድ ታስቀራለህ፣ ሜዳውን ትጠርጋለህ፣ ካርድ ትስባለህ። ሌላው ሲጨርስ አንተ ትጀምራለህ። ሰማያዊና ነጭ ቀለም ለዚህ ይመቻሉ። ሰማያዊው ገና እየተጣለ ያለውን ካርድ ያስቀራል፤ ካውንተር የምንለው ይሄንን ነው። ነጩ ሜዳ ላይ የወረደውን ያጠፋል።

ለጀማሪ ታልራንድን እመክራለሁ። ዋጋው አራት ማና ነው። ኢንስታንት ወይም ሶርሰሪ፣ ማለትም ሥራውን ሠርቶ ከሜዳ የሚወጣ ካርድ፣ በጣልክ ቁጥር ድሬክ የሚባል የሚበር 2/2 ፍጡር ይሰጥሃል፤ ሁለት ይመታል፣ ሁለት ሲመታ ይሞታል። ካርድህን ሌላ ሰው ካውንተር ቢያደርግብህ እንኳ ድሬኩ አይቀርም፤ የሚመጣው ገና ስትጥል ነውና። እየተከላከልክ ማሸነፊያህንም ታዘጋጃለህ ማለት ነው።

ግራንድ አርቢተር ኦገስቲን አራተኛን የሚያሞግሱላችሁ አሉ። የተቃዋሚህ ካርድ ሁሉ በአንድ ማና ይወደዳል፣ ያንተ ነጭና ሰማያዊ ይረክሳል። ኃይለኛ ነው። ግን አዲስ ሰፈር ገብተህ መጀመሪያ የምታወጣው እሱን ከሆነ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ አይደውሉልህም።

ደግሞ ቡናውን ከጠረጴዛው አውርዱ። ዛሬም እደጋግመዋለሁ።

ደዋይ ከለገጣፎ፦ ላንድ ካውንተር ይደረጋል?

አይደረግም። ካውንተር የሚያስቀረው ስፔልን ነው፤ ላንድ ግን ዝም ብሎ ሜዳ ላይ ይቀመጣል እንጂ ስፔል አይደለም። ቀጣይ።

ደዋይ ከጀሞ፦ የምጫወተው ሰማያዊ ነው። እጄ ላይ ካውንተር ካለ ምንም አላሳልፍም። ግን አምስት ስድስተኛ ተራ ላይ እጄ ባዶ ይሆናል፣ ሁሉም ይነሳብኛል፣ መጀመሪያ የምወጣውም እኔ ነኝ። ስንት ካውንተር ልጨምር?

ምንም አትጨምር። ወንድሜ ቁጭ በል፣ ይሄኛው ረዘም ይላል። ሌሎቻችሁም ስሙ፤ ጥያቄው መልኩን እየቀያየረ በየሳምንቱ ነው የሚመጣው።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንይ። ሁለት ሰው ሲጫወት አንድ ካርድ አውጥተህ አንድ ካርድ ብታስቀርበት እኩል ናችሁ። አራት ሰው ሲሆን ግን አንተ አንድ ከሰርክ፣ እሱ አንድ ከሰረ፣ የቀሩት ሁለቱ ምንም አልከሰሩም። ቁጭ ብለው ያዩሃል። ይሄን አራት ጊዜ ስትደግመው አራት ካርድህ ሄደ። የነሱ ኪሳራ ግን ለሦስት ተከፋፍሏል። እጅህ ባዶ የቀረው ካውንተር አንሶህ አይደለም። ለሁሉም ስለምታወጣው ነው።

የገባውን ሁሉ መታወቂያ የሚጠይቅ የኮንዶሚኒየም ዘበኛ አይታችኋል? ነዋሪው ይጠላዋል። ሌባው ሲመጣ ደግሞ እሱ ከሽንኩርት ሻጭ ጋር እየተጨቃጨቀ ነው። አንተ ያ ዘበኛ ነህ። «ሁሉም ይነሳብኛል» ያልከውም ከዚሁ ነው። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሰው ሁሉ በየተራ አናደሃል፤ ምን ትጠብቅ ነበር?

ስለዚህ ካርድ ሲወርድ እጅህን ከማንሳትህ በፊት ራስህን አንድ ነገር ጠይቅ፦ ባልነካው እሞታለሁ ወይ? መልሱ አይደለም ከሆነ አሳልፈው። ጨዋታውን እዚያው የሚጨርስ ካርድ ሲመጣ አስቀር። ያንተን ሜዳ ሙልጭ የሚያደርግ ሲመጣ አስቀር። እንደ ሪስቲክ ስተዲ ቁጭ ብሎ ለባለቤቱ ካርድ የሚያጎርፍ ሲመጣም አስብበት። «ትልቅ ነው» ግን ምክንያት አይሆንም። ስምንት ጉልበት ያለው ፍጡር ወረደ እንበል። ሦስት ሰው ሊመታ ይችላል፤ ለምን ያንተ ችግር ብቻ ታደርገዋለህ? ወደ አንተ ከዞረና ዴክህ ነጭም ካለው፣ ስዎርድስ ቱ ፕላውሼርስ በሚባለው ካርድ በአንድ ነጭ ማና ታወጣዋለህ። ባለቤቱ ስምንት ሕይወት ያገኛል። ከ40 ለሚጀምር ሰው ስምንት ምንም ማለት አይደለም።

ሁለተኛ፣ ቅደም ተከተሉን ተጠቀምበት። አንድ ሰው ካርድ ሲጥል የመመለስ ዕድሉ በተራ ይዞራል። ከጣለው ሰው በስተግራ ያለው መጀመሪያ ይወስናል፣ ከዚያ ቀጣዩ። አንተ መጨረሻ ከሆንክ ሌሎቹ ከአንተ በፊት ካርዳቸውን ማውጣት ወይም ማሳለፍ አለባቸው። ታዲያ ምን አስቸኮለህ? ተራህ ሳይደርስ «ካውንተር!» ብለህ የምትጮኸው ለማን ነው? የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ። አንተ ግን አፍሰህ የምትለቅመውም የለህ፤ የተጣለ ካርድ ተጣለ ነው።

ሦስተኛ፣ አንድ ለአንድ መለዋወጥ ካላዋጣ አንድ ለብዙ የሚለወጡትን ካርዶች አክብር። ነጩ ራዝ ኦፍ ጎድ በአራት ማና ሜዳው ላይ ያለውን ፍጡር ሁሉ ያጠፋል። ሁለት ፍጡር ሲታይህ አትጣለው። ይውረዱ። እርስ በርስ ይዋጉ። እጃቸውን ጨርሰው ሲያወርዱ ያኔ ጥረግ። ሳይክሎኒክ ሪፍትንም እንዲሁ። በሁለት ማና የአንድ ሰው አንድ ካርድ ብቻ ወደ እጁ ይመልሳል። በሰባት ማና ግን ከላንድ በስተቀር የተቃዋሚዎችህን ሜዳ በሙሉ ይመልሳል። ብዙዎቻችሁ ደንግጣችሁ በሁለት ታቃጥሉታላችሁ። ያማል። ሰባት እስኪሞላ ጠብቅ፤ ከአንተ ፊት ያለው ሰው ተራውን ሊጨርስ ሲል ጣለው፤ ከዚያ ያንተ ተራ ነው፣ የሚከላከልም የለም።

የመጨረሻው ቀላል ነው። ሁለት ሰማያዊ ላንድ ሳትነካ ተራህን አሳልፍ። ካውንተርስፔል ሁለት ሰማያዊ ማና እንደሚፈልግ ሁሉም ያውቃል። እጅህ ላይ ባይኖርም ያስባሉ። ያለህ ለመምሰል ምንም ወጪ የለውም። ፊትህን ብቻ ተቆጣጠር፤ እዚህ ሰፈር ፊቱን የሚቆጣጠር ተጫዋች እስካሁን አላየሁም።

ደዋይ ከገላን፦ ስንት ላንድ ላድርግ?

ለኮንትሮል 37 ወይም 38። «30 ይበቃኛል» የሚል ጓደኛ ካለህ ምክሩን ለራሱ ይያዘው።

ደዋይ ከኮየ ፈጬ፦ ጋሼ፣ ታልራንድን ሦስት ጊዜ ገደሉብኝ። አሁን ስንት ልከፍል ነው? ካውንተር ሲደረግብኝስ ይቆጠራል?

እህቴ፣ ኮማንደርሽን ለብቻው ከሚቀመጥበት ቦታ በጣልሽ ቁጥር ቀጣዩ ሁለት ማና ይጨምራል። ታልራንድ መጀመሪያ 4፣ ከዚያ 6፣ ከዚያ 8 ነበር። አሁን 10 ነው። ካውንተር ቢደረግብሽም ይቆጠራል፤ ጥለሽዋል አይደል?

ግን ጥያቄው ሌላ ነው። ለምንድን ነው ሦስት ጊዜ የሞተው? አራት ላንድ እንዳገኘሽ በአራቱም ከፍለሽ አውርደሽው ባዶ እጅሽን ስለተቀመጥሽ ነው። ስድስት ላንድ ጠብቂ። በአራቱ እሱን፣ በሁለቱ መከላከያውን። ሳታወርጂው ብትቆዪ ትሞቻለሽ ወይ? አትሞቺም። ስለዚህ ታገሺ።

እናት ከቡራዩ፦ ልጄ 17 ዓመቱ ነው። ካርድ ቤት እየሄደ በብር አስይዞ ይጫወታል። ስልኩን ሸጧል፣ አሁን ደግሞ ከቤት ብር ይጠፋል። ጨዋታውን ልከልክለው?

እናቴ፣ ስለደወሉ አመሰግናለሁ። እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ይሄ የካርድ ጉዳይ አይደለም። ካርዱን ቢቀሙት በኳስ ውርርድ፣ እሱን ቢቀሙት በሌላ ይቀጥላል። የተሸነፈውን ለማስመለስ ዕቃ ሸጦ መመለስ የቁማር ሱስ ምልክት ነው። አይምቱት፣ ሰው ፊትም አያዋርዱት። ዕዳ ካለበት ስንት እንደሆነ በእርጋታ ይጠይቁት፤ የሚያስፈራራው ሰው ካለ ማወቅ አለብዎት። ከዚያ አቅራቢያዎ ወዳለ ጤና ጣቢያ ይውሰዱትና የአእምሮ ጤና ባለሙያ እንዲያየው ይጠይቁ። እዚያ ከሌለ ሪፈር ይጽፉልዎታል። እኔ የካርድ ሰው ነኝ፤ ከዚህ በላይ ብናገር አጠፋለሁ። ባለሙያ ዘንድ ይሂዱ።

ካርድ ቤት ለምታሠሩም፦ ተማሪ በብር እያስያዛችሁ አታጫውቱ። አፍራችሁ ተዉት።

ደዋይ ከሰበታ፦ ሁሉን ነገር ቆልፌ እይዛለሁ፣ ግን ጨዋታው ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ጓደኞቼ ሰለቻቸው። ኮንትሮል እንዲህ አይደለም እንዴ?

አይደለም። አለመሸነፍና ማሸነፍ ይለያያሉ። ሦስት ተቃዋሚ በ40 ሲባዛ 120 ሕይወት ነው። ያንን በምን ልትጨርሰው አስበሃል? ዴክህን አውጣና «በዚህ አሸንፋለሁ» የምትለውን ካርድ ቁጠር። አንድ ብቻ ከሆነ እሱ የተቃጠለ ዕለት ጓደኞችህ እስከ እኩለ ሌሊት ታስረዋል። ከሦስት እስከ አምስት ማሸነፊያ ይኑርህ። በታልራንድ የምትጫወት ከሆነ አስር ድሬክ በአንድ ተራ 20 ይመታል። በሁለት ተራ አንድ ሰው ወጣ። አስር ሲሞሉልህ አጥቃ እንጂ ሃያ እስኪሆኑ አታሳድጋቸው። የበግ እርባታ አልከፈትክም።

ከመጀመራችሁ በፊትም ተነጋገሩ። ጨዋታውን የሚያሳትመው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2025 ዴኮችን በአምስት ደረጃ የሚከፍል አሠራር አውጥቷል። ጨዋታ ይቀይራሉ የተባሉ ካርዶች ዝርዝርም አብሮ ወጥቷል። ሳይክሎኒክ ሪፍትና ሪስቲክ ስተዲ እዚያ ውስጥ ናቸው። በ1 እና በ2 ደረጃ ከዝርዝሩ አንድም አይገባም። በ3 ደረጃ እስከ ሦስት ይፈቀዳል። ሰበታም ቢሆን ይሠራል፤ አምስት ደቂቃ ወሬ ነው።

ደዋይ ከአያት፦ ካርዱ ውድ ስለሆነ ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትመን እንጫወታለን። ነውር ነው?

ቤት ውስጥ ሁሉም ከተስማማ ነውር የለውም። በይፋዊ ውድድር ግን አይፈቀድም፣ እዚያ እውነተኛው ካርድ ብቻ ነው። የታተመውን እውነተኛ ነው ብሎ መሸጥ ደግሞ ማጭበርበር ነው። ጀርባው የማያሳይ ሽፋን ለመቶውም አድርጉ። የወረቀቱ ውፍረት ስለሚለያይ ሽፋን ከሌለ የትኛው ካርድ እንደሆነ በጣት ይታወቃል። ቡና የፈሰሰበት ሽፋንም ምልክት ነው። ስለዚህ ቡናውን አውርዱ ብያለሁ።

ደዋይ ከአቃቂ፦ ማታ በሻማ ስንጫወት የካርዱ ጽሑፍ ይደበዝዝብኛል፣ ራሴንም ያመኛል። ቀንም ጀምሮኛል።

ቀንም ከሆነ ሻማው አይደለም። ዓይን ሐኪም ጋ ሂድ። በዚህ ሳምንት።

ደዋይ ከቱሉ ዲምቱ፦ ሪስቲክ ስተዲ አለኝ። ተቃዋሚዬ ካርድ ሲጥል አንድ ማና ካልከፈለ እኔ ካርድ እስባለሁ፤ ግን «አንድ ትከፍላለህ?» ማለት እረሳለሁ። በኋላ ሳስታውስ ካርዱን ልሳብ?

አይ። ያንተ ካርድ ነው፣ የማስታወሱም ኃላፊነት ያንተ ነው። ጨዋታው ወደፊት ከሄደ በኋላ «ሦስት ካርድ ይቀረኛል» ብለህ አትነሳ። ሌሎቹ በደግነት ካስታወሱህ ተቀበል፣ ካላስታወሱህ አትቀየም። በየካርዱ መጠየቅ ያሳፍረኛል ካልክ ከዴክህ አውጣውና ያለ ጥያቄ ካርድ የሚሰጥህ ሌላ አስገባ። ውድድር ላይ ሆኖ ክርክር ከተነሳ ደግሞ እርስ በርስ አትነታረኩ፣ እጅ አውጡና ዳኛ ጥሩ።