ግጥም የሌለው ዜማ፣ ያላረጀ ፍቅር
ስለ ዋልያስ ባንድ በደብረ ብርሃን ለተሰበሰቡ አድማጮች የተዘጋጀ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፤

በዚህ የደብረ ብርሃን ብርድ፣ በዚህ ምሽት፣ ጋቢያችሁን ደርባችሁ እስከዚህ አዳራሽ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። የመጣነው ስለ አንድ የሙዚቃ ቡድን ለመነጋገር ነው። የቡድኑ የጥንት ስብስብ ከተበተነ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ከመካከላችን በመድረክ ላይ ያየው ሰው ቢኖር እንኳ እጅግ ጥቂት ነው። እንዲህም ሆኖ የዋልያስ ባንድ ስም ሲነሳ ፊቱ የማይፈካ ሰው በዚህ አዳራሽ የለም። ይህ ፍቅር በምን እንደቆየ፣ ማንስ እንዳቆየው የማምንበትን ልነግራችሁ እወዳለሁ።

እኔ ዋልያስን ያወቅሁት በአባቴ ቴፕ ነው። ቴፑ ነጭ ጥልፍ ለብሶ ቡፌ ላይ ይቀመጥ ነበር፤ ከአባቴ በቀር የሚነካው አልነበረም። የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ አስጥተን እንደገና እንሞክረው ነበር። ካሴቱ ከሙዚቃ ቤት ከሸክላ የተቀዳ ሲሆን፣ በላዩ ላይ በእስክሪብቶ «ዋልያስ» ከሚል አንድ ቃል በስተቀር ምንም አልተጻፈበትም። አንድ ቀን ቴፑ ካሴቱን በላው። ክሩ ተጨማዶ ተበጠሰ፤ አባቴ የተጎዳውን በመቀስ ቆርጦ ጫፍና ጫፉን በጥፍር ቀለም አጣበቀው። ከዚያ በኋላ ከአንደኛው ዜማ መሐል ጥቂት ሰከንድ ጎደለ፤ ኦርጋኑ ሊወጣ ሲል ድንገት ወርዶ ይገኛል። እኔም ዜማውን ከነጉድለቱ ለመድኩት፤ ሳፏጨው እንኳ እዚያ ቦታ ላይ እዘል ነበር። ብዙ ዓመት አልፎ የዚያ ሸክላ ሥራ በአዲስ ኅትመት ወጥቶ በሙሉ ሳዳምጠው፣ ያ የጎደለው ቦታ ተሞልቶ መጣ። ያን ጊዜ አባቴ በሕይወት አልነበረም። ለረጅም ሰዓት ከተቀመጥሁበት አልተነሣሁም።

እንዲህ ያለ ታሪክ የእኔ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ከደብረ ሲና፣ ከሸዋ ሮቢት፣ ከመሐል ሜዳ የመጣችሁ ወዳጆቼ ከዚህ ስብሰባ በፊት እያንዳንዳችሁ የየራሳችሁን አጫውታችሁኛል። በሁላችሁም ወሬ ውስጥ አንድ ነገር ተመላልሶ መጥቷል፤ እሱም በዜማው ላይ የየራሳችሁን ቃል ትጨምሩ እንደነበር ነው። ይህ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ዋልያሶች ለታላላቅ ድምፃውያን ማጀባቸው እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ስማቸውን ያስጠሩበት ሥራ ግን ያለ ግጥም በመሣሪያ ብቻ የተጫወቱት ነው። ዘፋኙ የሚይዘውን ቦታ ኦርጋኑ ይይዘዋል፤ ሳክስፎንና ትራምፔቱ እንደ ተቀባይ ይመልሱለታል፤ ከሥር ቤዝና ድራሙ ከውጭ የመጣውን የሶል፣ የፈንክና የሮክ ምት ይዘው ይሄዳሉ። ዜማው ግን ያው የእኛው ነው፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። እናቴ ጥጥ እየፈተለች በትዝታው ላይ የምታንጎራጉረው ግጥም በየቀኑ የተለየ ነበር። ደስ ያላት ዕለት የደስታዋን፣ የከፋት ዕለት የኀዘኗን ታስገባበታለች፤ እንዝርቷም ከዜማው ጋር ይሽከረከራል። ግጥም ያለው ዘፈን ደራሲው የተናገረውን ይነግረናል። እነዚህ ሥራዎች ግን ለአድማጩ ቦታ ትተውለታል፤ በዚያም ላይ የግጥም ስንኝ ሁሉ በሳንሱር በሚታይበት ዘመን፣ ቃል የሌለው ዜማ ሰው የልቡን ለራሱ የሚናገርበት ቤት ሆኖ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ለደብረ ብርሃን ሰው ደግሞ ሌላም ምክንያት አለ። የባንዱ የኦርጋን ተጫዋች ጋሽ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1946 የተወለዱት በዚሁ በከተማችን ነው። በአሥር ዓመታቸው ከቤተሰባቸው ጋር ወደ አዲስ አበባ ሄዱ፤ በአሥራ አራት ዓመታቸው በጦር ሠራዊቱ የሙዚቃ ክፍል ገቡ፤ ከዚያም በየምሽት ክበቡ ሲጫወቱ ቆይተው ከጓደኞቻቸው ጋር ዋልያስን አቋቋሙ። ባንዱ በአዲስ አበባ ሒልተን ለዓመታት ተጫውቷል። ያ ዘመን የሰዓት እላፊ ዘመን ነበር። ለጭፈራ የገባ ሰው እላፊው ሳይነሣ ወደ ቤቱ መሄድ ስለማይችል፣ ሙዚቀኞቹም አድማጮቹም ሌሊቱን እዚያው ያነጉት ነበር። ያን ሁሉ ሌሊት ሰውን ሳያሰለቹ ማሳለፍ ምን ያህል ብቃት እንደሚጠይቅ፣ በመድረክ ላይ አንድ ሰዓት የቆመ ሁሉ ያውቀዋል።

እ.ኤ.አ. በ1977 «ቼ በለው» የተባለውን አልበም አወጡ። ይህን ስም ለእናንተ መተርጎም አያስፈልገኝም፤ በተጉለትና በመንዝ ሜዳ ፈረስ ጋልቦ ያደገ ሰው «ቼ!» ሲባል እግሩ በራሱ እርካብ ይፈልጋል። «ሙዚቃዊ ስልት» የተሰኘው የግርማ በየነ ድርሰት የሚገኘው በዚሁ አልበም ውስጥ ነው። ይህን ዜማ በኋላ በኒው ዮርክ ያሉ ወጣት ሙዚቀኞች ሳይቀሩ እንደገና ተጫውተውታል።

እ.ኤ.አ. በ1981 ባንዱ ለሙዚቃ ጉዞ ወደ አሜሪካ ሄደ፤ ከፊሎቹ ተመለሱ፤ ጋሽ ኃይሉን ጨምሮ ከፊሎቹ እዚያው ቀሩ። እ.ኤ.አ. በ1985 ጋሽ ኃይሉ ሌላ ተጫዋች ሳይጨምሩ፣ አኮርድዮኑንም ኪቦርዱንም ብቻቸውን ይዘው «ሸሞንሟናዬ» የሚገኝበትን ካሴት ሠሩ። ከዚያ በዋሽንግተን አካባቢ በደለስ (Dulles) አውሮፕላን ማረፊያ ለረጅም ዓመታት የታክሲ ሹፌር ሆነው ኖሩ። መንገደኛ እስኪመጣ ተራ ሲጠብቁ ከመኪናቸው ዕቃ መጫኛ ኪቦርዳቸውን እያወጡ፣ በባትሪ እያሠሩ ይለማመዱ ነበር። ይህን ባሰብሁ ቁጥር ልቤ ይነካል፤ የሚያጨበጭብ ሰው በሌለበት፣ በመኪና ማቆሚያ ውስጥ፣ ጣታቸው እንዳይረሳ ይደክሙ ነበርና።

ቀሪውን ታሪክ አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ብራያን ሺምኮዊትዝ የተባለ አሜሪካዊ ያንን የ«ሸሞንሟናዬ» ካሴት ባሕር ዳር ውስጥ አገኘው፤ ባለቤቱን አፈላልጎ ደወለላቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታተመ። «ቼ በለው»ም በተከታዩ ዓመት ታትሞ ወጣ። ጋሽ ኃይሉ በተለያዩ አገሮች መድረክ ላይ መጫወት ጀመሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 «ላላ በሉ»፣ በ2020 ደግሞ «የኔ ምርጫ» የተባሉ አዳዲስ አልበሞችን አበረከቱልን።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ማለት እወዳለሁ። ይህ ታሪክ ሲነገር «ጠፍቶ የነበረ ሙዚቃ ተገኘ» ይባላል። ለዚያ ሰው ያለኝ ምስጋና ትልቅ ነው፤ የሚገባውን ክብር ለሙዚቀኛው መልሷልና። ነገር ግን ካሴቱ ባሕር ዳር ላይ የተገኘው፣ እዚያ ያቆየው ሰው ስለነበረ ነው። ለሃያ ስምንት ዓመት አንድ ባለሱቅ ወይም አንድ ቤተሰብ አልጣለውም፤ ሌላ ዘፈን አልቀዳበትም። በዚህ በሰሜን ሸዋም እንዲሁ፣ በየቡፌው መሳቢያ፣ በየሳጥኑ፣ ከጋብቻ ፎቶግራፍና ከቤት ካርታ ጋር ተቀምጦ ኖሯል። ስለዚህ ሙዚቃው ጠፍቶ አልነበረም፤ እናንተ ዘንድ ነበር።

ጉድለታችንንም አልደብቅም። ዜማውን ስንጠብቅ ስሞቹን አልጠበቅንም። በአባቴ ካሴት ላይ የተጻፈው አንድ ቃል ብቻ ስለነበር፣ ያንን ሳክስፎን የሚነፋው ሞገስ ሀብቴ፣ ትራምፔቱን የሚነፋው ዮሐንስ ተኮላ፣ ጊታሩን የሚመታው ማህሙድ አማን፣ ድራሙን የሚመታው ተማረ ሐረጉ መሆናቸውን ያወቅሁት ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው። ግማሽ ዕድሜዬን ስማቸውን በማላውቃቸው ሰዎች እጅ ስጽናና ኖሬያለሁ፤ ይህም ይቆጨኛል።

ስለዚህ ልመና አለኝ። በቤታችሁ የዋልያስም ሆነ የዘመን አቻዎቹ ካሴትና ሸክላ ያላችሁ፣ ከፀሐይና ከእርጥበት አርቁት፤ ሳይበላሽ ወደ ኮምፒውተር እንዲገለበጥ ለልጆቻችሁ ስጡ። ስትሰጧቸውም ማን ምን እንደተጫወተ፣ ካሴቱ ከየት እንደተገዛ፣ በቤታችሁ መቼ መቼ ይከፈት እንደነበር በወረቀት ጽፋችሁ አብራችሁ አስቀምጡ። የእናቶቻችንን ግጥምም አትርሱ፤ በእናቴ ትዝታ ላይ ከተንጎራጎረው እኔ ያስቀረሁት ሁለት ስንኝ ብቻ ነው።

አሁን ንግግሬን አቁሜ ቴፑን እከፍታለሁ። የምትሰሙት አዲሱን ኅትመት አይደለም፤ የአባቴን ካሴት ነው። ከመካከሉ ኦርጋኑ ሊወጣ ሲል ድንገት የሚዘልበት ቦታ አለ፤ እዚያ ስንደርስ ቴፑ የተበላሸ እንዳይመስላችሁ፣ አባቴ በጥፍር ቀለም የቀጠለው ቦታ ነው።