ፌስታል በነጻ አይገኝም

የተከበራችሁ የባሕር ዳር ነጋዴዎችና ነዋሪዎች፤

ገበያተኛ ዕቃውን ለሚይዝበት ከረጢት ይክፈል ወይስ አይክፈል ለሚለው ጥያቄ የእኔ መልስ «ይክፈል» የሚል ነው፤ እስከ ዛሬም በነጻ ወስዶ አያውቅምና። ባለሱቁ ፌስታሉን በጥቅል ይገዛል፤ ያወጣውንም ብር በስኳሩና በዘይቱ ዋጋ ላይ አክሎ ይመልሳል። በዘንቢል ሸምታ የምትመለስ እናት አንድም ፌስታል ሳትቀበል የሌላውን ሰው ፌስታል ወጪ አብራ ትከፍላለች። ይህ ፍትሐዊ አይደለም።

በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዋጅ የፕላስቲክ ከረጢትን ከከለከለ ስለ ክፍያ መነጋገር ለምን አስፈለገ የምትሉ ትኖራላችሁ። ክልከላውን በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ። ነገር ግን በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513ም ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ የማይበሰብስ ፌስታል እንዳይመረትና ወደ አገር እንዳይገባ ደንግጎ ነበር፤ ስሱ ፌስታል ግን ከጉልት አልጠፋም፤ ሻጩም ሆነ ገዢው ልማዱን የሚተውበት ምክንያት በየዕለቱ ግብይቱ ውስጥ አላገኘምና። አሁንም በፌስታሉ ምትክ የጨርቅ ከረጢት በነጻ ካደልን የሚለወጠው የምንጥለው ዕቃ ዓይነት ብቻ ነው። ጥጥ ለማምረት ብዙ ውኃ ስለሚፈጅ የጨርቅ ከረጢት የሚጠቅመው ደጋግመው ሲይዙት ነው።

አየርላንድ እ.ኤ.አ. በ2002 ለእያንዳንዱ ፌስታል 15 የዩሮ ሳንቲም ማስከፈል ስትጀምር አጠቃቀሙ ከ90 በመቶ በላይ ቀንሷል። በእንግሊዝም እ.ኤ.አ. በ2015 ክፍያ ሲጀመር ስሱ ፌስታል እጅግ ቀነሰ፤ ሆኖም ብዙ ሰው ወፍራሙን ከረጢት በየጊዜው እየገዛ መጣል ጀመረ። ስለዚህ ክፍያው ከምንም ይሠራ ከምን በማንኛውም አዲስ ከረጢት ላይ መሆን አለበት።

ይህ ጉዳይ ከሌላው ከተማ ይልቅ እኛን የሚያሳስበን ስለ ጣና ነው። ክረምት ሲገባ ጎርፉ በየቦዩ የተጣለውን ሁሉ ጠርጎ ወደ ሐይቁ ወይም ወደ ዓባይ ያወርደዋል። የጣና አማካይ ጥልቀት 8 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። እምቦጭን፣ ምንም እንኳ አድካሚ ቢሆን፣ በዓይናችን እያየን በእጃችን ነቅለናል፤ ተበጣጥሶ ከደለል ጋር የተቀላቀለን ፌስታል ግን ማን ይለቅመዋል?

ክፍያው በግማሽ ኪሎ ሽንኩርት የሚገዛውን ድሃ እንዳይጎዳ እሰጋለሁ። ስለሆነም ነጋዴው የከረጢቱን ዋጋ ከዕቃው ዋጋ ለይቶ ይጻፍ፤ ከረጢት ያልጠየቀ ገዢም ምንም አይክፈል። የጉልት ሴቶችን በቅጣት ማስጨነቅም ተገቢ አይመስለኝም፤ ፌስታሉን የሚያመርተውና የሚያከፋፍለው ሌላ ነውና።

አንድ ያልተፈታ ነገር ቀርቷል። ውኃ የሚያንጠባጥብ ዓሣ በዘንቢልም በጨርቅም አይያዝም። ደንበኛው ክዳን ያለው ዕቃ ከቤቱ ይዞ ይምጣ ወይስ ሻጩ በመያዣ ገንዘብ ያውሰው የሚለውን እዚህ ያላችሁ ዓሣ ነጋዴዎች ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁና አሁን መድረኩን ለእናንተ እለቃለሁ።