ሸሚዝ የሚያረጀው ከኮሌታው ነው

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬም ከጎንደር ነኝ፤ የማወራችሁ ደግሞ ስለ አሮጌ ሸሚዝ ነው።

እስቲ ቁም ሣጥናችሁን ክፈቱና አንድ የማይለበስ የወንድ ሸሚዝ አውጡ። የባል ይሁን የወንድም፣ ግድ የለም። የት ጋ ነው ያረጀው? ኮሌታው ላይ ነው አይደል? አንገት የሚፈገፍገው ቦታ ተልጦ ነጭ ነጩ ክር ወጥቷል። ቀጥሎ የእጅጌው አፍ። አንዳንዱ ደግሞ ክርኑ ጋ ሳስቷል። አሁን ጀርባውን መስኮት ላይ ዘርጉና በብርሃን እዩት። ምንም አልሆነም! ቀለሙ ትንሽ ለቆ ይሆናል እንጂ ጨርቁ ጨርቅ ነው። እንዲያውም ብዙ ስለታጠበ ለስልሷል፤ አዲስ ጥጥ እንዲህ አይለሰልስም።

እኔን የሚቆጨኝ ይሄ ነው። ጣት በማይሞላ ቦታ ምክንያት ሙሉ ሸሚዝ ወለል መወልወያ ይሆናል። መወልወያ አያስፈልግም አልልም፤ ግን ያ ጀርባ፣ ያ ደረት፣ ያ በሥርዓት የተደረደረ ቁልፍ ለዚያ አልተፈጠረም።

ልብ በሉ፣ ሸሚዝ ውስጥ ያለው ጨርቁ ብቻ አይደለም። ከባዱ ሥራ ተሠርቶ አልቋል። የቁልፍ ቀዳዳ በቤት የስፌት መኪና መሥራት ምን ያህል እንደሚያስቸግር የሞከረ ያውቀዋል። ኪስ ቀጥ አድርጎ መለጠፍ፣ የታችኛውን ጠርዝ ሳይጠማዘዝ መቀምቀም፣ እነዚህ ሁሉ እዚያው አሉላችሁ። ስለዚህ እኔ አሮጌ ሸሚዝ ሳነሳ መጀመሪያ የማየው የሚቆረጠውን ሳይሆን የማይነካውን ነው። የቁልፉ መስመር ይቀመጥ፣ የታችኛው ቅምቅማት ይቀመጥ፣ ኪሱ ካማረ ይቀመጥ። ከዚያ በኋላ ነው መቀስ የሚነሳው።

ይሄን ያስተማረችኝ እናቴ ናት። መቀስ ሳነሳ ካየች፣ «አንቺ ልጅ፣ አስቀምጪው! መጀመሪያ ተርትሪ» ትለኝ ነበር። የቸኮለ ሰው ስፌቱን ይዞ ይቆርጣል፤ ሁለት ጣት፣ ሦስት ጣት ጨርቅ በከንቱ ይሄዳል። የተረተረ ሰው ግን ውስጥ ታጥፎ የተቀመጠውን ጨርቅ ሁሉ ያገኛል። ያ የታጠፈው ጨርቅ ደግሞ ፀሐይ አላየውም፤ የሸሚዙ የመጀመሪያ ቀለም ምን እንደነበር የምታውቁት እዚያ ነው።

ኮሌታውን እንዴት እንደማወጣው ልንገራችሁ። አዲስ ምላጭ እይዛለሁ፣ ያረጀ ምላጭ ጨርቅ ይጎትታል። ኮሌታውን ቀና አድርጌ፣ ከአንገት ማሰሪያው (ኮሌታው ከቆመበት ቀጭን ጨርቅ) ጋር የተጋጠመበትን ቦታ በሁለት አውራ ጣቴ ከፈት አደርገዋለሁ። ክሮቹ እንደ መሰላል ተሰልፈው ይታያሉ። ሦስት አራት ክር እየዘለልኩ አንዷን እበጥሳለሁ፤ ሁሉንም መበጠስ አያስፈልግም። ከዚያ ከወዲያ በኩል ያለውን ክር ስስበው ተያይዞ ይመጣል። ኮሌታው ለብቻው ሲወጣ ያቺ ቀጭኗ የአንገት ማሰሪያ አፏን ከፍታ ትቀራለች። አፏን ገጥሜ፣ በካውያ ተጭኜ፣ በአንድ መስመር ስሰፋት በቃ፣ ሸሚዙ ማኦ ኮሌታ፣ ማለትም የማይታጠፍ ቀጥ ያለ ኮሌታ ሆነ ማለት ነው። ያረጀው ወጣ፣ የቀረው ሁሉ ጤነኛ ነው። ዛሬ ሱቅ ውስጥ በውድ የሚሸጥ ቅርጽ ነው ይሄ።

የድሮ ባለ መኪናዎች ደግሞ ኮሌታውን ተርትረው ገልብጠው መልሰው ይሰፉት ነበር። ያረጀው ፊት ወደ ታች ይዞራል፣ ያልተነካው ወደ ላይ ይወጣል። ኮትም ይገለበጥ ነበር፣ የውስጡ ወደ ውጭ። ፒያሳ በረንዳ ላይ መኪናቸውን ዘርግተው የሚሠሩ አባቶች ዛሬም ጠይቋቸው፤ እጃቸው አልረሳውም። እኛ ነን መጠየቅ ያቆምነው።

ነገሩ እንዲያውም ከዚያም ይርቃል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. እዚህ ጎንደር ገብቶ ነበር። ያየውን ሲጽፍ ስለ አገራችን ሸማኔዎች አንድ ነገር አንስቷል፤ ሰማያዊ ቀለም የሚነክሩበት መንገድ ስላልነበራቸው፣ ከህንድ ከሱራት የሚመጣውን ሰማያዊ ጨርቅ ይተረትሩና ክሩን መልሰው ከራሳቸው ፈትል ጋር ይሸምኑት ነበር ይላል። አስቡት፣ የተሸመነ ጨርቅ ክር በክር መፍታት! ይሄን ሳውቅ ልቤ ሞላ። ምላጭ ይዤ ኮሌታ ስተረትር የሆነ ከውጭ የመጣ ፋሽን እየተከተልኩ ያለሁ ይመስላቸዋል አንዳንዶች። እዚሁ አገር፣ ከነገሥታቱ ዘመን ጀምሮ ባለሙያ ሲሠራው የኖረ ነገር ነው።

ወደ ሥራው ልመልሳችሁ። ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁኝ የልጅ ቀሚስ ስለሆነ እሱን በደንብ ላስረዳችሁ። ከአዋቂ ወንድ ሸሚዝ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ላለች ልጅ የሚሆን ቀሚስ ይወጣል። ሸሚዙን ቆልፎ፣ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ ከብብት በታች ከዳር እስከ ዳር ቀጥ አድርጎ መቁረጥ ነው። የታችኛው ጠርዝ አይነካም፣ እሱ የቀሚሱ ጠርዝ ይሆናል። ላይኛውን ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል አጥፋችሁ ስፉና ላስቲክ የሚገባበት መንገድ ተዉለት። እዚህ ጋ አንድ ነገር ተጠንቀቁ፤ በስፌቱ መስመር ላይ የምትወድቅ ቁልፍ ካለች አስቀድማችሁ ንቀሏት። መርፌው ካገኛት ይሰበራል፣ ስባሪው ደግሞ ዓይን ላይ ሊፈናጠር ይችላል። ላስቲኩ ከልጅቷ ደረት ልክ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ይነስ። ጫፉ ላይ መርፌ ቁልፍ ሰክታችሁ በውስጥ አሳልፉትና ጫፍና ጫፉን ስፉ። ማንገቻውን ከእጅጌው አውጡ፤ እጅጌ ረጅም ስለሆነ ሁለት ማንገቻ ሰጥቶ ይተርፋል።

ኪሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆረጠው መስመር ላይ ስለሚወድቅ እዚያው ሊቀር አይችልም። እኔ ከመቁረጤ በፊት ተርትሬ ወደ ጎን አወርደዋለሁ። የጎረቤታችን ልጅ ከአባቷ ሸሚዝ የሠራሁላትን ቀሚስ ስትለብስ መጀመሪያ ያደረገችው እጇን ኪሱ ውስጥ መክተት ነው። አባቷ እስክሪብቶ የሚሰካበት ኪስ ነበር፤ ታችኛው ጥግ ላይ ትንሽ የቀለም ነጠብጣብ አለች። እሷ ላይ አበባ ልጥልፍባት አስቤ ልጅቷ «ተይው፣ የአባዬ ነው» አለችኝ። ተውኩት።

ስለ ጨርቅ ደግሞ። ጥጥ ይሁን ቴትሮን ሳታውቁ ካውያ አታሳርፉ። ከውስጥ ስፌት አንድ ክር መዝዙ፣ ሳህን ላይ አድርጋችሁ ለኩሱት። ጥጥ ከሆነ ቶሎ ይነድዳል፣ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱ በጣት ሲነካ ይፈርሳል። ቴትሮን ወይም ፖሊስተር ከሆነ ይሸበሸብና ይቀልጣል፣ ሲቀዘቅዝ ጥቁር ጠንካራ ፍሬ ይሆናል። የሁለቱንም ጠባይ ካሳየ ድብልቅ ነው። ለልጅ ገላ ጥጡን ምረጡ። ቴትሮኑ ስለማይጨማደድ ለሽርጥ፣ ለቦርሳ ገበር ጎበዝ ነው። ስፌቱን ሁሉ ግን በካውያ ሳትተኩሱ አትለፉ፣ አደራ። ቤት የተሠራ ልብስ «ቤት የተሠራ» የሚመስለው ብዙ ጊዜ በስፌቱ ጉድለት አይደለም፣ ስፌቱ ስላልተተኮሰ ነው። መብራት ከጠፋም የእጅ መኪናው መሥራቱን አይተውም፤ የከሰል ካውያ ያላችሁ ደግሞ አትጣሉት።

ካናቴራ ሌላ ነገር ነው። ስለሚለጠጥ በቀጥታ ስፌት ብቻ በሚሰፋ አሮጌ መኪና ከሰፋችሁት ሲሳብ ክሩ ይበጠሳል። በእጅ፣ ወደ ኋላ እየተመለሳችሁ ብትሰፉት ይሻላል። ደስ የሚለው ጠርዙ አይፈታም፤ ስትቆርጡት ጥቅልል ይላል እንጂ ክር አያወጣም። ካናቴራን ለአሁን በዚህ እንለፈው።

ነጠላን ግን አላልፈውም። ነጠላ የሚያረጀው ከሸሚዝ በተቃራኒ ነው። መሃሉ ይሳሳል፣ ጥለቱ እንደደመቀ ይቀራል። እናቶቻችን ሣጥን ውስጥ ስንት እንደዚህ ያለ ነጠላ አለ! ታዲያ ሁለቱን ማጋባት ነው። ነጭ የጥጥ ሸሚዝ፣ ኮሌታው ወጥቶ፣ በአንገቱ ዙሪያና በቁልፉ መስመር ግራና ቀኝ የነጠላው ጥለት ሲወርድበት፣ የእጅጌው አፍ ላይም ሲደገም፣ ልነግራችሁ አልችልም እንዴት እንደሚያምር። ጥለቱን አስቀድማችሁ ለብቻው በቀዝቃዛ ውሃ እጠቡት፤ ቀለም የሚለቅ ከሆነ ነጩን ሸሚዝ ሳያበላሽ እዚያው ይታወቃል። ለወንድሜ አንዱን ሠርቼለት ጥር 11 ቀን ጥምቀተ ባህሩ ፋሲል መዋኛ ለብሶት ሄደ። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» በሚባልበት አገር፣ በዚያ ሁሉ አዲስ ልብስ መካከል፣ የት አሠራኸው እየተባለ ነው የዋለው።

አዎ፣ የሚያዝኑልኝ አሉ። አንድ የሰፈራችን እናት፣ የማከብራቸው ሰው ናቸው፣ በረንዳ ላይ ሸሚዝ ስተረትር አይተውኝ፣ «ምነው ልጄ፣ ይሄን ያህል ቸገረሽ?» አሉኝ። አዝነው ነው። እኔም «ኧረ እትዬ፣ ቸግሮኝ አይደለም፤ ጨርቁ ጤነኛ ሆኖ ነው፣ እስቲ ይዳስሱት» አልኳቸው። ዳሰሱት። ጥቂት ቆይተው «ይሄማ የድሮ ጥጥ ነው» አሉ። እኔ ይሄን ስሜት እረዳዋለሁ። በእሳቸው ዘመን የተጣፈ ልብስ ማለት ድሪቶ ነበር፤ ሰው ድሪቶ የለበሰው ምርጫ አጥቶ ነው። ውራጅ ለብሶ ያደገ ሰው አዲስ ልብስ ቢናፍቅ አይፈረድበትም። ስለዚህ ችግር ያለበትን ሰው ልብስህን ጣፍ ብዬ አልመክርም። የምናገረው ምርጫ ላለን፣ ሸሚዝ ለምንጥለው ነው።

መቸገሩም ቢሆን አለ፣ ምን ይደበቃል። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የልብስ ዋጋ የት እንደደረሰ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ቅዳሜ ገበያ ሳልባጅ እንኳን ሲጠየቅ ሰው ዋጋ ሰምቶ ይመለሳል።

አንድ ቁጥር ደግሞ ልንገራችሁ፤ እኔን አስቀምጦ ያሳሰበኝ ቁጥር ነው። ለአንዲት የጥጥ ካናቴራ የሚበቃ ጥጥ ለማምረት 2,700 ሊትር ያህል ውሃ እንደሚፈጅ በተደጋጋሚ ይነገራል። ጎንደር ላለን ሰው ሊትር ብሎ መቁጠር አይገባንም፣ በጀሪካን እንቁጠረው። በሃያ ሊትር ጀሪካን 135 ጀሪካን ነው። ለአንዲት ካናቴራ! የቧንቧ ውሃ ተራ የሚጠብቅ፣ ሌሊት ተነስቶ ጀሪካን የሚሞላ ሰው ይሄ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም። ግምት ነው፣ ጥጡ እንደበቀለበት አገር ይለያያል፤ በዝናብ የሚበቅል አለ፣ በመስኖ የሚበቅል አለ። ቢሆንም የተሠራው ጨርቅ ውስጥ ያ ሁሉ ውሃ አስቀድሞ ገብቷል። ሁለተኛ ቀሚስ ሲወጣው ያ ውሃ ሁለት ጊዜ አገለገለ ማለት ነው።

የማልነካው ልብስም አለ። የሟች ሸሚዝ ይዛችሁልኝ ስትመጡ አልቸኩልም። ባህላችን ለነዳያን መስጠት ነው፣ ጥሩ ባህል ነው፤ ለሚለብሰው ሰው ሳይቆረጥ ቢሰጥ ይበልጣል። ግን አንዷን ማስቀረት የሚፈልግ ቤተሰብ ካለ ቆርጬ ቅርጿን ከማጠፋ ኮሌታዋን ገልብጬ፣ ክርኗን ከውስጥ ደርቤ እንደነበረች ብመልሳት ይሻለኛል። አንዳንድ ጊዜ ሙያ ማለት ይኼ ነው፣ ምንም እንዳልነካው ሰው ሆኖ መሥራት።

እንግዲህ ጨርሶ ሰፍታችሁ የማታውቁ፣ በቀሚስ አትጀምሩ። የሶፋ ትራስ ልብስ ስሩ። ሸሚዙን ቆልፋችሁ ገልብጡት፣ የውስጡ ወደ ውጭ ይሁን። ከብብት በታች፣ የቁልፉ መስመር መሃል ላይ እንዲያልፍ አድርጋችሁ፣ ለ40 በ40 ትራስ 40 በ40 ሴንቲ ሜትር አራት ማዕዘን በሳሙና ስባሪ አስምሩ። አራቱንም ጎን በመስመሩ ላይ ስፉት፣ ከስፌቱ ሁለት ሴንቲ ሜትር ወጣ ብላችሁ ቁረጡት፣ ጠርዙን ዘምዝሙት። ከዚያ ቁልፎቹን ፍቱና በዚያው ወደ ደህናው ፊት ገልብጡት። ትራሱን በቁልፉ በኩል ታስገቡታላችሁ፣ ሊታጠብ ሲል በዚያው ታወጡታላችሁ። ዚፕ የለ፣ የቁልፍ ቀዳዳ መሥራት የለ። መኪና ባይኖራችሁም በእጅ መርፌ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል።

በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ጂንስ እናወራለን፤ ጉልበቱ ስለተቀደደውና ታፋው ስለሳሳው፣ ሁለቱ አንድ ዓይነት መድኃኒት የላቸውም። ጥያቄ ያላችሁ በድምፅ ላኩልኝ፣ የሸሚዙን ዓይነትና የት ጋ እንዳረጀ ንገሩኝ። እስከዚያው ቸር ሰንብቱ።