የኛን ድገምልኝ

እሺ... እየቀዳ ነው። ሰላም ናችሁ።

ባለፈው ስለ ጨረቃ ጉዞ አወራለሁ ብዬ ነበር። አዎ፣ ቃል ገብቻለሁ፤ ይቆይ። ስለ ጦሳ ተራራ ጭጋግም ዛሬ አላማርርም፣ የኮምቦልቻ ልጆች ደስ ይበላችሁ። ሌላ ነገር ነው ሆዴን የበላኝ።

እማዬን ዋሸኋት።

ጥቅምት ላይ ነው። መብራት ጠፍቷል። መብራት ሲጠፋ የት እንደምገኝ ታውቃላችሁ፣ ቢኖኩላሬን ይዤ ደጅ ነኝ። ማታ ሁለት ሰዓት ገደማ ይሆናል። እማዬ በረካውን ጠጥታ፣ ጋቢዋን ደርባ፣ ዱካዋን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። «ምን ታያለህ?» አለችኝ። ከጦሳ ጫፍ ትንሽ ከፍ ብሎ ያለውን ቦታ በጣቴ አሳየኋት። «እዚያ አቅጣጫ አንዲት መንኩራኩር አለች። በዓይን ግን አትታይም» አልኳት።

ቮያጀር 1ን ነው፣ አሜሪካኖች የላኳትን።

እማዬ እንዲህ ያለ ነገር ስትሰማ አትስቅም። ሰማይ ማየትን ያስተማረችኝ እሷ ናት። ረመዳን ሊገባ ሲል ዓይኗ ከመድከሙ በፊት በሰፈሩ ጨረቃን ቀድማ የምታይ እሷ ነበረች። ቀጭን ክር የመሰለችውን ጨረቃ ከደመና መሀል ለይታ «ያችና!» ስትል፣ እኔ ገና አንገቴን እየዘረጋሁ ነበር። ስለዚህ ጠየቀችኝ። «መቼ ነው የሄደችው?» አለች።

ነሐሴ 30 ቀን 1969 ዓ.ም ነው። በማግስቱ ጳጉሜን ይገባል። ከዚያ ወዲህ አልቆመችም። በሰከንድ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ትሄዳለች። እኛ ሐረጎን በሚኒባስ ስንጠማዘዝ የምንከርምበትን የደሴ ኮምቦልቻ መንገድ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ትጨርሰዋለች ማለት ነው። አሁን ከ25 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ ርቃለች። ከሷ የተላከ የሬዲዮ መልእክት እኛ ጋ ለመድረስ ከ23 ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። በብርሃን ፍጥነት እየተጓዘ እኮ ነው! ይሄን ባሰብኩ ቁጥር... ተዉት። በዚህ ከጀመርኩ አልመለስም።

ድምፅ የተቀዳበትን ሸክላም ነገርኳት። ከመዳብ የተሠራ፣ ወርቅ የተቀባ ሸክላ ተጭኖባታል። ሙዚቃ አለበት፣ የዝናብ ድምፅ አለበት፣ የሰው ሰላምታም አለበት። በ55 ቋንቋ። ስልኬ ላይ ስለነበረኝ ከፈትኩላት። ጨለማ ውስጥ፣ ሁለታችን ብቻ፣ ስልኩ ጭኗ ላይ ነው። አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ይቀጥላል። እማዬ ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ ትሰማለች። አረብኛው ሲደርስ እጄን ያዘችኝ። «ኑጁም አለ! ከዋክብት ማለት ነው እኮ። ቁርኣን ላይ አለ» አለች። እውነቷን ነው። ሰላምታው በከዋክብት ላሉ ወዳጆቻችን ሰላም የሚል ነው። ፊቷ አልታየኝም፣ ጨለማ ነው። ድምፅዋ ግን የልጅ ሆነ።

ከዚያ ጠየቀችኝ።

«በኛስ ምን አሉ?»

አያችሁ... አማርኛ የለበትም። ሱመርኛ አለ፣ አካድኛ አለ፣ ኬጢኛ አለ። ተናጋሪያቸው ከሺህ ዓመታት በፊት ያለቀ ቋንቋዎች ናቸው። ከአፍሪካ ሶቶ አለ፣ ሉጋንዳ አለ፣ ሌሎችም ጥቂት አሉ። አማርኛ የለም። ስዋሂሊ እንኳ የለም። ብዙውን የቀዱት አሜሪካ፣ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ጊዜ አጥሯቸው በአካባቢው የተገኘውን ሰው እየጠሩ። ሆን ብሎ የተወን ሰው ያለ አይመስለኝም። ይሄን ሁሉ አውቃለሁ። ደግሞ ሉሲ የተገኘችው ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ነው፣ ያኔ በወሎ ሥር በነበረችው ሐዳር። በሰው ልጅ ስም ሰላም በሉልን ሲባል እዚህ አገር ደጅ ሳያንኳኩ... ኧረ ይሄም ትክክል አይደለም። ቂም አይደለም የያዝኩት። 1969ን አስቡት እስቲ። ማታ በር ሲንኳኳ እናት የምትደነግጥበት ዘመን ነው። እማዬ ስለዚያ ዓመት ብዙ አታወራም።

ለመመለስ ቆየሁ። ስልኩ ቀጥሏል፣ በማላውቀው ቋንቋ አንዲት ሴት እየተናገረች ነው። «የለም» ማለት ምን ይከብዳል? አንድ ቃል ነው። እኔ ግን «እንደምን አላችሁ ነው የሚለው» አልኩ።

«ማን ነው የተናገረው?»

«ሴት ናት።»

«የኛ አገር ልጅ?»

«አዎ እማ።»

ዝም አለች። ከዚያ ወደ ጦሳ ቀና ብላ፣ ልክ አጥር ማዶ ላለ ጎረቤት እንደምትመልሰው አድርጋ፣ «አልሃምዱሊላህ፣ እኛ ደህና ነን። እናንተስ?» አለች።

መለሰችላቸው። ስለዚህ ሸክላ ስንት ነገር አንብቤያለሁ፤ ሰላምታ ነው ብዬ ለስንት ሰው አስረድቻለሁ። ሰላምታ ከሆነ የሚመልስለት ሰው እንደሚፈልግ አንድ ቀን አስቤ አላውቅም። እሷ ወዲያው ነው የመለሰችው። ለዚያውም ላልነበረ ሰላምታ።

በማግስቱ ቡና ላይ ለጎረቤቶቹ ነገረቻቸው። «የኛም ልጅ ድምፅ አለ ሰማይ ላይ» አለች። ሰኒውን ይዤ አንገቴን ደፋሁ። አንዷ «ያ ረቢ!» ብላ አፏን ያዘች። ያኔ መናገር ነበረብኝ።

አንዳንዴ ምን ያህል ጉዳት አለው እላለሁ። መንኩራኩሯ ወደ ሌላ ኮከብ ጠጋ የምትለው ከ40,000 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ያኔ አማርኛን ማን ይናገረዋል? አሁን እንኳ ባትሪዋ እየደከመ መሣሪያዎቿን አንድ በአንድ እያጠፉባት ነው። ግን የዋሸሁት ከዋክብቱን አይደለም። ረመዳን ሲገባ «ታየች» ካለች ሰፈሩ ሁሉ ያመናትን ሴት ነው። ሳታይ አየሁ ብላ አታውቅም።

ይሄን የምቀዳው ለምን መሰላችሁ? ዛሬም ማታ መብራት ጠፋ። መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። «ያን የኛን ድገምልኝ» አለችኝ። ባትሪ ዘግቷል አልኳት። አልዘጋም ነበር።

አንዲት የማውቃትን ልጅ «እንደምን አላችሁ» አስብዬ ቀድቼ ላሰማት ብዬም አስቤ ነበር። ከመሀል ላስገባው፣ ከአረብኛው ቀጥሎ። ይሄው ጮክ ብዬ ስናገረው እኔው ራሴ ደነገጥኩ። ወይስ የእሷን ልቅዳ? «እኛ ደህና ነን፣ እናንተስ» ያለችውን። የት እንደምልከው አላውቅም እንጂ።

ነገ አረብኛውን እከፍትላታለሁ። ኑጁም የሚለው ሲመጣ ደስ ይላታል፣ ከዚያ እነግራት ይሆናል። ግን አረብኛውን አይደለም እኮ ድገምልኝ ያለችኝ...